የመንግሥታት ዕድሜ ከየት ይቈጠራል? የኢብን ኻልዱን ቀመርና የፎገራ ዙሪያ መናገሻዎች

መንግሥታት እንደ ሰው ይወለዳሉ፣ ይጐለምሳሉ፣ ያረጃሉ የሚለው አሳብ በሰፊው ከተብራራባቸው ቀደምት መጻሕፍት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1377 የተጻፈው የኢብን ኻልዱን «ሙቀዲማ» ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። የቱኒሱ ሊቅ እንደሚያስረዳው፣ በጠረፍ በችግር የኖረ ወገን «ዐሰቢያ» ብሎ የጠራው ጽኑ የወገን ትስስር አለው። በዚህ ኃይል ከተማን ይይዛል፤ በከተማ ምቾት ግን ትስስሩ ይላላል። እያንዳንዱ 40 ዓመት የሆነ ሦስት ትውልድ ሲያልፍ፣ ማለትም በ120 ዓመት ገደማ፣ ሥልጣኑ ገና ያልለዘበ ሌላ ወገን እጅ ይገባል።

ቀመሩን ለመፈተን የፎገራ ሜዳ አካባቢ የሚጠቅም ማስረጃ አለው። ከወረታ አንዱ መንገድ በአዲስ ዘመንና በእንፍራዝ በኩል ወደ ጎንደር ሲዘልቅ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ደብረ ታቦር ይወጣል። አፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) በእንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠሩ፤ አፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ተቀመጡ፤ አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ቈረቈሩ፤ በኋላም የየጁው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ።

ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን ያስገደሉት በ1769 ነው። ከጎንደር መቈርቈር እስከዚያ 133 ዓመት መሆኑ ለቀመሩ እጅግ የቀረበ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሆነውም ይስማማዋል፦ በዝምድና የተሳሰሩት የየጁ መሳፍንት ከውጭ መጥተው ሥልጣኑን ያዙ፣ ንጉሡን ግን በስም አስቀመጡት። ኢብን ኻልዱን ይህን ዓይነቱን አገዛዝ ከባግዳድ ኸሊፋዎች ታሪክ ያውቀው ነበር።

ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሠምረው መነሻው 1636 ሲሆን ብቻ ነው። በ1636 የተጀመረው ከተማ እንጂ ሥርወ መንግሥት አይደለም። ከይኩኖ አምላክ መንገሥ፣ ከ1270 ቢቈጠር፣ ውጤቱ 499 ዓመት ይሆናል። የቀመሩ ደጋፊ፣ ቤተ መንግሥቱ ከጎንደር በፊት በድንኳን ይዘዋወር ስለ ነበር የከተማ ምቾት አላዳከመውም ሊል ይችላል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን አልቫሬዝ ያየው ዓይነት ሰፈር የሚነሣው ለጀግንነት ልምምድ ብቻ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ሠራዊትና ከብት አንድ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሊቀልበው፣ ማገዶም ሊያቀርብለት አይችልም። ስለዚህ የመናገሻው ዕድሜ ከነገሥታቱ ጠባይ ይልቅ ከገበሬው ጐተራ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀዲማ ግብር ሲከብድ ምርት እንደሚቀንስ የሚያትትበት ክፍል ከትውልድ ቈጠራው የበለጠ ለዚህ አገር የሚረዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ችግር «ውድቀት» የሚለው ቃል ነው። በዘመነ መሳፍንት ማዕከላዊው ሥልጣን እንደ ተሰባበረ አያከራክርም። በጋይንት ግን የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ያን ዘመን ተሻግረው እስከ ዛሬ ይሰጣሉ። ሜዳውም የራሱ ዘመን አለው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ በፎገራ ከብቱ የታወቀው ግጦሽ ወደ ሩዝ ማሳነት መለወጥ የጀመረው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምር ማዕከል የሚገኘው በወረታ ነው። ይህ የሆነው መናገሻው አዲስ አበባ ከገባ ከአንድ ምዕት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።