ከእህል መጋዘን ወደ ቤት ወርክሾፕ፦ በአነስተኛ ወጪ ከተደረገ የሐሙሲት ሥራ የተገኘ ልምድ



ስለ ወርክሾፕ ሲነሣ በደቡብ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው አሳቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ በዚያ ስፍራ ነውና። የዛሬው ርእሴ ግን እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ስለ ሆነች አንዲት የጭቃ መጋዘን ነው።

መጋዘኗ ያለችው ሐሙሲት፣ በወላጆቼ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ሩዝና ጤፍ ያከማችባት ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ሩዙን ከአውድማ በቀጥታ ወደ ወረታ መፈልፈያ መላክ በመጀመሩ ባዶዋን ቀረች። የእህቴ ልጅ ከቴክኒክና ሙያ በብረታ ብረት ሥራ ተመርቆ፣ ሁለት ዓመት በሰው ቤት በቀን ሒሳብ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህችን ቤት ይስጡኝ» አለኝ። ያጠራቀመው ገንዘብ ለአንድ የብየዳ ማሽንና ለአንድ ግራይንደር ይበቃ ነበር። እኔ ደግሞ ግማሹን ለቤቱ እናውለው ስለው ፊቱ ጠቆረ። በእርሱ እይታ ወርክሾፕ ማለት ማሽን ነው። በእኔ እይታ ግን መጋዘን ብርሃን፣ አየርና ሰው እንዳይገባበት ተብሎ የሚሠራ ቤት ነው፤ ወርክሾፕ ሦስቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ መውጣት ያለበት ይህን ተቃርኖ ለመፍታት ነው። የብር ቁጥር አልጠቅስም፤ ይህ ንግግር ድረ ገጹ ላይ እስኪወጣ ድረስ የሲሚንቶ ዋጋ ሌላ ሆኖ ይጠብቃልና።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እህል በተከማቸበት ቤት ውስጥ የነቀዝ ክኒን ቅሪት ሊኖር ይችላል። በሰፊው የሚታወቀው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፣ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አቧራ እንዳይነሣ ብሎ ውኃ ረጭቶ መጥረግ በሌላ ቤት መልካም ልማድ ነው፤ በተዘጋ የእህል መጋዘን ግን ሊገድል ይችላል። እኛ በሩን ለቀናት ከፍተን፣ ከጣሪያውም አንድ ቆርቆሮ አንሥተን አናፈስነው። ቅሪቱንም ከግብርና ባለሙያ ጋር ተማክረን በደረቁ ሰብስበን አስወገድነው።

ያነሣነው ቆርቆሮ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ በምትኩ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ገባ። ከወጪው ሁሉ እጅግ የረከሰውና እጅግ የጠቀመው ይህ ነው። መስኮቱን የከፈትነው በሰሜን ግድግዳ ነው። ሐሙሲት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው ክረምትና ደመና ነው። በቀረው ዘመን የሰሜን መስኮት ዓይን የማይወጋ፣ ጥላው የማይሸሽ ብርሃን ይሰጣል። መለኪያ አስምሮ ለሚቆርጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወለሉ ሌላ ፈተና ነበር። የፎገራን ሜዳና የአካባቢውን ዋልካ አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በላዩ በቀጥታ የፈሰሰ ኮንክሪት ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረን ጥቁሩን አፈር አወጣንና ገረጋንቲ እየጠቀጠቅን ሞላን። ይህ ድካም እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። 12 ካሬ ሜትሩን ሁሉ በ7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብንሞላው 0.84 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት፣ በአንድ ለሁለት ለአራት ድብልቅ ደግሞ ሦስት ኩንታል ያህል ሲሚንቶ ይፈጅ ነበር። እኛ የሞላነው የሥራ ጠረጴዛው የሚቆምበትን ግማሹን ብቻ ነው፤ የቀረው የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ሆኖ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ጠረጴዛው በራሱ እግር ይቆማል፤ በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ የቆመ ግድግዳ የጊሮ ምት አይችልምና።

ጣሪያው ሥር የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ነበረበት። በቤቶቻችን የተለመደ ነው፤ ሙቀትና አቧራ ይከላከላል። ነገር ግን ከረጢቱ ፕላስቲክ ነው፤ የግራይንደር ብልጭታ ቢደርስበት ይያያዛል፣ እየቀለጠም በሠራተኛው ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ «ቤቱን ራቁቱን አስቀራችሁት» ብላ ብታዝንም ነቅለን ጣልነው።

አሁን ወደ ስሕተታችን ልምጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ከዋናው ቤት በማራዘሚያ ገመድ ኃይል ስበን እንሠራ ነበር። ወለሉ ገና እርጥብ ነው፤ ልጁ ነጠላ ጫማ ተጫምቷል፤ ድሪሉ አካሉ ብረት የሆነ አሮጌ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪክ መታውና ወደ ኋላ ተሽቀንጥሮ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከድንጋጤ በቀር ጉዳት አልደረሰበትም። ይህ የሆነው ዶክትሬት ያለው አጎቱ አጠገቡ ቆሞ እያየ ነው።

ሥራውን አቁመን መስመሩን እንደገና አሠራን። የቤት ኃይላችን 220 ቮልት ስለሆነ 2,000 ዋት የሚስብ ግራይንደር 9 አምፔር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ለየራሳቸውም መቁረጫ ተደረገላቸው። ኃይል በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያጠፋ የ30 ሚሊ አምፔር መቆጣጠሪያም ተገጠመ። የኧርዝ ዘንጉ በዋልካ መሬት ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ በበጋ አፈሩ ሲሸሽ ዘንጉ ከመሬቱ ጋር ያለው ንክኪ ይላላል። ስለዚህ ስንጥቁ ከሚደርስበት አልፎ በጥልቀት መመታት አለበት፤ በበጋም ዙሪያው ውኃ ይጠጣ። ሶኬቶቹን ከወለሉ 1.20 ሜትር ከፍ አድርገናል። የእኛ ግቢ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው በሚያጥለቀልቁት ታችኛው ሜዳ የምትኖሩ ይህን ልኬት እንደ ቅንጦት አትዩት።

ለቤቱ ከልጁ ገንዘብ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ወጣ። በተረፈው ግራይንደሩን ገዛ። የብየዳ ማሽኑን የገዛው ከስድስት ወር በኋላ፣ የአንድ ጎረቤት በር በማደስና የጋሪ አካል በመጠገን ባገኘው ነው። ብየዳውን የሚሠራው ጭሱ እንዳይታፈን ከበሩ ውጭ በተዘረጋው ዳስ ሥር ነው። የቀረን የድምፁ ነገር ነው፤ ጎረቤት ከአንድ ሰዓት ምሽት በኋላ ግራይንደር እንዳይነሣ ጠይቆን ተስማምተናል። የቤቱን ንድፍና የመስመሩን ሥዕል ይዤ መጥቻለሁ፤ ማየት የምትፈልጉ ወደ ፊት መምጣት ትችላላችሁ።