ልጅዎ ኳስ ተጫዋች እሆናለሁ ቢል

በኮልፌ ቀራንዮ እሑድ ጧት ክፍት ቦታ በተገኘበት ሁሉ ኳስ አለ። ድንጋይ ተተክሎ ጎል ይሆናል፤ ጭቃውም አቧራውም አይገድም። የኳሱ ጭቅጭቅ የሚሞቀው ግን ማታ ቤት ውስጥ ነው። በአጣና ተራ አትክልት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ሰሞኑን እንዲህ ሲሉ አጫውተውናል፦

«ሙያ ይማር ብዬ ሰው ለምኜ ጋራዥ አስገባሁት። እሱ ግን ‹እማዬ፣ እኔ ውጭ አገር ነው የምጫወተው› እያለ መፍቻውን ጥሎ ይሄድብኛል። ልከልክለው ወይስ ልተወው?»

ጥያቄው የብዙ ወላጆች ስለሆነ የሉቺያኖ ቫሳሎን ታሪክ ማስታወስ ይበጃል።

ሉቺያኖ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። አባቱ ኢጣልያዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ኢጣልያዊ አባት ከአፍሪካዊት እናት የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ እንዳይል የፋሺስቱ መንግሥት በ1932 ዓ.ም. ከለከለ። ስለዚህ ሉቺያኖና ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ፣ የሰፈር ስድብም ሳይቀርላቸው፣ በእናታቸው እጅ አደጉ። ሉቺያኖ ገና በወጣትነቱ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ተቀጥሮ ከሥራው ጎን ለጎን ኳስ ይጫወት ነበር። ካረጀ በኋላ በኢጣልያንኛ ላሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሰጠው ርእስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» የሚል ነው። እናቶች ይህችን ርእስ ልብ ይበሉልን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ስትጫወት አምበሉ ሉቺያኖ ነበር። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 ስትመራ፣ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አቻ ያደረገው እሱ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ክልስ የቡድኑ አምበል መሆን የለበትም ያሉ ሹማምንት ነበሩ፤ ይድነቃቸው ተሰማ ግን እሺ አላሉም። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው።

ዝናው ከገነነ በኋላም መፍቻውን አልጣለም። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ጋራዥ ነበረው። ኢጣልያ ሄዶም በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው በኮቨርቻኖ ማሠልጠኛ የአሠልጣኝነት ትምህርት ተማረ፤ ተመልሶም ብሔራዊ ቡድናችንን አሠለጠነ።

እንግዲህ ለአጣና ተራዋ እናት የምንለው፦ ልጅዎን አይከልክሉት፤ ነገር ግን የጋራዡን ቀንና የሜዳውን ቀን አብራችሁ ለዩ። ውጭ አገር የሚለውም ሕልም ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ ላላችሁም ቢሆን፣ የዱራሜዋ ሎዛ አበራ በ2012 ዓ.ም. በማልታ ከቢርኪርካራ ክለብ ጋር የሊግ ዋንጫ አንሥታለች። ይሁን እንጂ ጉልበት ይሰበራል፣ ዘመንም ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ልጁ ሌላ ምን ያውቃል?

ለሉቺያኖ ዘመኑ የተለወጠው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ደርግን ሸሽቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢጣልያ ሲሰደድ፣ የደከመበት ጋራዥ እዚሁ ቀረ። ኢታሎም አዲስ አበባ ቀረ። አሠልጣኝነቱ ግን አብሮት ሄደ። ከሮም ወጣ ብላ በባሕር ዳር በምትገኘው በኦስትያ የሕፃናት የእግር ኳስ ትምህርት ቤት ከፍቶ የሰው አገር ልጆችን አሠለጠነ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ያረፈው በዚያው በኢጣልያ ነው።