ከኩል ብልቃጥ እስከ ቁንጭር መርፌ፦ አንቲሞኒን እንወቀው

በዚህ እትም የምናየው ንጥረ ነገር በኬሚስትሪ ክፍል ብቻ ሳይሆን በአገር ቤትም የሚያገናኘን ነው።

አንቲሞኒ የአቶም ቁጥሩ 51 የሆነ ከፊል ብረታማ ንጥረ ነገር ነው። እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ ሲቀጠቀጥ ግን እንደ ብረት አይሳሳም፣ ይሰባበራል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውም በደካማው ነው። በ631 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ለስላሳውን እርሳስ ስለሚያጠነክር ለመኪና ባትሪ ይውላል፤ ከኦክስጅን ጋር ያለው ውህዱም ፕላስቲክና ጨርቅ ቶሎ በእሳት እንዳይያያዙ ያግዛል።

ከድኝ ጋር ሲዋሃድ ጠቆር ያለ ማዕድን ይሆናል። በሐዲስ የተወሳው «ኢስሚድ» ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው በዚህ ማዕድን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኢስሚድ መኳልን እንደመከሩ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ይሁን እንጂ ዛሬ «ኩል» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ኢስሚድ አይደለም። በተለያዩ አገሮች ተመርምረው ከታዩ ኩሎች ብዙዎቹ ጋሌና የተባለ የእርሳስ ማዕድን ሆነው ተገኝተዋል። ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ሲጠባ እርሳሱ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ የአእምሮ እድገቱንም ይጎዳል። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ ኩል ለሕፃናት አንኳል።

ሁለተኛው መልኩ መድኃኒት ነው። በጋይንትና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች «ቁንጭር» የሚባለው የቆዳ ቁስል ሊሽማንያሲስ ነው። ጥገኛ ተሕዋሲው በሽኮኮ ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት ዋና መድኃኒቶች አንዱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ሲሆን የተሠራው ከአንቲሞኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ለተከሰተው ካላዛርም የሚሰጠው ይኸው መድኃኒት ነው። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ በቀን በኪሎ 20 ሚሊግራም አንቲሞኒ ለሳምንታት በመርፌ ይሰጣል። ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰድም።

ቁንጭርን በእሳት መተኮስ ወይም ቅጠል ለጥፎ መጠበቅ ጠባሳውን ሊያብስ፣ ሕክምናውንም ሊያዘገይ ይችላል። በእረፍት ወደ አርብ ገበያ የምትሄዱ፣ ፊቱ ላይ የማይድን ቁስል ያለበት ልጅ ካያችሁ ለወላጆቹ ንገሯቸው። በነፋስ መውጫ ሆስፒታል ሕክምናው አለ።

አንቲሞኒ እንደ አያያዙ መድኃኒትም መርዝም ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን፤ ያወቅነውንም ለቤተሰቦቻችን የምናደርስ ያድርገን። አሚን።