ለጠየቀ ብቻ ማድረስ፤ ስለ ስዊችና ስለ መልቲካስት አሠራር

በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሚኖሩት መካከል የሰፈራቸው ስም ከየት እንደ መጣ የሚያስታውሱት ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። አባቶቻችን ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት የሚያደርሰውን የሬዲዮ ቴሌግራፍ ባዩ ጊዜ ቃሉ በነፋስ ተጭኖ የሚሄድ ስለ መሰላቸው «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ መሣሪያው የተተከለበትም ስፍራ በዚሁ ስም ሲጠራ ኖረ። ስለዚህ ዛሬ ለአንባብያን ልናስረዳ የተነሣንበት ነገር፣ ይኸውም አንድን መልእክት ለብዙዎች በአንድ ጊዜ የማድረስ ጥበብ፣ ለዚህ ሰፈር ባዕድ አይደለም።

መልእክት የሚደርስባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። ስልክ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው ይደርሳል። በአገራችን በ1928 ዓ.ም. የተጀመረው የሬዲዮ ሥርጭት ደግሞ የሚሰማውንና የማይሰማውን ሳይለይ በአየሩ ሁሉ ይናኛል። ሦስተኛውን ለመረዳት ዕድርን ማሰብ ይበቃል። ሌሊት ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ጎሕ ሳይቀድ በየመንገዱ እየዞረ ሲለፍፍ የዕድሩ አባል ያልሆነው ጎረቤት ጭምር ከእንቅልፉ ይነሣል። ጸሐፊው ግን መዝገቡን ገልጦ መልእክተኛውን አባላት ወዳሉባቸው ቤቶች ብቻ ቢልክ መርዶው ለሚመለከታቸው ይደርሳል፣ የተኛውም አይረበሽም። በኮምፒዩተር መረብ ውስጥ መልቲካስት የሚባለው ይህ ነው። ላኪው መልእክቱን አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል፤ መረቡም መንገዱ በሚለያይበት ቦታ እያባዛ ለማኅበርተኞቹ ያድላል።

ለዚህ አሠራር መሠረት የሆነውን ደንብ በ1981 ዓ.ም. (በ1989 እ.ኤ.አ.) ያወጣው በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ስቲቭ ዲሪንግ ነው። በደንቡ መሠረት ከ224 እስከ 239 ባሉት ቁጥሮች የሚጀምሩ አድራሻዎች ለማኅበራት ተለይተዋል፤ እነዚህ የማኅበር ስም ናቸው እንጂ የማንም ቤት ቁጥር አይደሉም። አባል ለመሆን የሚፈልግ መሣሪያም አይጂኤምፒ በሚባለው የመግባቢያ ደንብ «እኔም አለሁበት» ብሎ ያስታውቃል።

ችግሩ የሚመጣው በስዊቹ ዘንድ ነው። ስዊች ማለት በየመሥሪያ ቤቱ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ 24 ወይም 48 የገመድ መሰኪያ ያለው፣ ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም የሚሉበት ሣጥን ነው፤ መሰኪያዎቹን ባለሙያዎች ፖርት ይሏቸዋል። የዚህ መሣሪያ ብልኅነት ከአንድ ልማድ የመጣ ነው። በየፖርቱ የሚገባውን መልእክት የላኪ አድራሻ እያነበበ «እገሌ በዚህ በኩል አለ» ብሎ ይመዘግባል። የማኅበር አድራሻ ግን ምን ጊዜም ተቀባይ እንጂ ላኪ አይሆንም። ስለዚህ ስዊቹ ዘመኑን ሁሉ ቢያዳምጥ ማኅበርተኞቹ በየት በኩል እንዳሉ በዚህ መንገድ ሊማር አይችልም፤ ያላወቀውንም ወደ ሁሉም ፖርት መልቀቅ ጠባዩ ነው። እንግዲህ በጸሐፊው መዝገብ ይታደላል ያልነው መልእክት ስዊቹ ዘንድ ሲደርስ ተመልሶ ጡሩምባ ይሆናል ማለት ነው።

ነገሩ የባለሙያዎች ወግ ብቻ አለመሆኑን በምሳሌ እንይ። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ አንድ መምህር በብዙ ከተሞች ያሉ ተማሪዎችን በአንድ ሰዓት የሚያስተምርበት ዘዴ ተጀመረ፤ የተመሰገነውን ያህል የተወቀሰ ዘዴ ነበር። እንበልና በላፍቶ ወይም በጀሞ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ዛሬ እንዲህ ያለውን ትምህርት በራሱ መረብ፣ በ12 ልዩ ልዩ መስመሮች፣ ለክፍሎቹ ሊያድል ፈለገ። እያንዳንዱ መስመር በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ቢፈጅ በጠቅላላው 96 ሜጋቢት ይሆናል። ስዊቹ አሮጌ ሆኖ በእያንዳንዱ ፖርት 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ አንድም ትምህርት ያልጠየቀው የሬጅስትራሩ ኮምፒዩተር 12ቱንም ይቀበላል፤ ለራሱ ሥራ የሚተርፈው 4 ሜጋቢት ነው፣ እርሱም እየተቆራረጠ። ጊዜው የተማሪዎች ካርድ የሚወጣበት ሰሞን ቢሆን ወላጅ በር ላይ ተሰልፎ ይውላል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ አርጅቷል ተብሎ የግዢ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ተገዝቶ የመጣውም አዲሱ ዕቃ በዚያው ጎርፍ ውስጥ ይቀመጣል።

መድኃኒቱ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ጆሮ ጠቢነት ነው። ጆሮ ጠቢ በአገራችን የሚወደድ ሰው ባይሆንም በዚህ ቦታ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ስዊቹ «እኔም አለሁበት» የሚለው ቃል በላዩ ሲያልፍ እያዳመጠ የትኛው ፖርት የትኛውን ማኅበር እንደ ጠየቀ ይጽፋል፤ ከዚያም ለጠየቀው ፖርት ብቻ ይሰጣል። ባለቤታቸው እንዲያዝዛቸው ሆነው የተሠሩት ስዊቾች አብዛኞቹ ይህ ችሎታ አላቸው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ስኑፒንጉ በርቶ ትምህርቱ በየክፍሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ባለሙያውም ደስ ብሎት ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። አራት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ሲሆን ሥዕሉ በሁሉም ክፍል ቀጥ ይላል። ለምን ቢሉ፣ አባልነት የዘለዓለም አይደለምና ነው። አንድ ቴሌቪዥን «ደኅና ሁኑ» ሳይል ገመዱ ሊነቀል ይችላል፤ ስለዚህ በደንቡ መደበኛ ልክ አንድ ጠያቂ መሣሪያ በየ125 ሴኮንዱ «ማን አለ?» ብሎ ይጠራል፣ ያሉትም በ10 ሴኮንድ ውስጥ አቤት ይላሉ። ሁለት ጥሪ ያለ መልስ ያለፈበት ሰው ከመዝገብ ይፋቃል፤ ሁለት ጊዜ 125 ሲደመር 10፣ 260 ሴኮንድ፣ ማለት 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው።

የጠያቂነቱን ሥራ በትልልቅ መረቦች የሚሠራው መልቲካስትን የሚያስተላልፈው ራውተር ነው። በትንሽ ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለ ራውተር ብዙውን ጊዜ የለም። የሚጠራ ስለሌለ አቤት የሚል የለም፤ አቤት የሚል ስለሌለ ስዊቹ ሁሉንም ይፍቃል። ጆሮ ጠቢው ተቀምጧል፣ የሚነገር ነገር ግን የለም። በዚህ ጊዜ የተቸገረው ባለሙያ ስኑፒንጉን ያጠፋውና ሥዕሉ ይመለሳል፤ ጎርፉም አብሮ ይመለሳል። የሚገባው ግን ስዊቹ ራሱ ጠያቂ እንዲሆን ማዘዝ ነው። ለዚህም የራሱ አድራሻ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ሁለት ጠያቂዎች ቢገናኙ የአድራሻው ቁጥር ያነሰው ይሾማል፣ ሌላው ዝም ይላል።

ስዊቾች የመልቲካስቱን መልእክት ከአባላቱ ሌላ ወደ ጠያቂው አቅጣጫም ስለሚልኩ ጠያቂው ሁሉም ገመድ በሚሰበሰብበት በዋናው ስዊች ላይ መሆን አለበት፤ በአንድ ጥግ ባለ ትንሽ ሣጥን ላይ ቢሾም ጎርፉ ወደዚያ ጥግ ይጎርፋል። ለቤት ውስጥ ሥራ የተመደቡት በ239 የሚጀምሩት አድራሻዎች ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ በ239.0.0 እና በ239.128.0 የሚጀምሩትን መተው ይበጃል። ምክንያቱም አድራሻው ወደ ገመዱ ደረጃ ሲተረጎም ከ28 ቢቶች 23ቱ ብቻ ስለሚቀሩ 32 ማኅበራት ሞክሼ ይሆናሉ፤ እነዚህም ሞክሼነታቸው ስዊች ሆነ ብሎ ለሁሉም ከሚለቃቸው በ224.0.0 ከሚጀምሩት አድራሻዎች ጋር ነው።

የገመዱ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ነፋሱ አለ። ዋይፋይ የመልቲካስትን መልእክት ብዙውን ጊዜ የሚያወርደው በዝቅተኛው ፍጥነት ነው፣ መድረሱንም አያረጋግጥም፤ እስኪጨርስም ድረስ በዚያው አየር ያሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጎርፉ ከየትም ይልቅ የሚጎዳው በዋይፋይ ነው። አንዳንዶቹ የዋይፋይ መሣሪያዎች መልእክቱን ለየጠያቂው ለየብቻ መልሰው የሚልኩበት ዘዴ ስላላቸው ካለ እርሱን ማብራት ይሻላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሥራ የሚያሠሩ ወይም የሚሠሩ ከሆነ ትምህርቱን በሁለት ክፍል ከፍተው፣ ሰዓት ይዘው፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። በዚያው ጊዜ ምንም ያልጠየቀው የሬጅስትራሩ ፖርት ምን ያህል እንደሚቀበል ከስዊቹ ቁጥሮች ላይ ይመልከቱ። ሥዕሉ አምስት ደቂቃውን ካለፈ፣ ያም ፖርት ጸጥ ካለ፣ ቁም ሣጥኑን መቆለፍ ይችላሉ።