መርዶና የእጅ ስልክ በንፋስ ስልክ ላፍቶ

በዐዲስ አበባ ደቡብ በሚገኘው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ የሠፈሩን ስም በየቀኑ ይጠራል፤ ትርጉሙን የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው ሽቦ ማለት ነው። ያለ ሽቦ ቃልን የሚያሻግረው የራዲዮ መሣሪያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ «የንፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው፤ ጣቢያው የቆመበትም ሠፈር በዚሁ ስም ተጠርቶ ቀረ። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው። እንግዲህ ዛሬ በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረውን ነገር አባቶቻችን አስቀድመው በሁለት ቃል ገልጸውት ነበር ማለት ነው።

ስለ ኢንተርኔት የወደፊት ዕድል በሻይ ቤትና በታክሲ ውስጥ ብዙ ይባላል። አንዱ ሥራን ያቀናል ሲል ሌላው ወጣቱን ሥራ ያስፈታል ይላል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን አሳብ በጅምላ ከመመዘን ይልቅ፥ ኢንተርኔት በአንድ የታወቀ ልማድ ላይ ያመጣውን ለውጥ መመልከት ይሻላል ብለን መርዶን መረጥን።

፩. መርዶ እንዴት ይነገራል?

እንደሚታወቀው በአገራችን የሞት ወሬ እንደ ማናቸውም ወሬ አይነገርም። ከሁሉ በፊት ለማን፥ መቼ፥ በማን አፍ ይነገር የሚለው ይመከርበታል። የሚያረዱት ሰዎች ሽማግሌዎች፥ የቅርብ ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ማለዳ ነው፤ ይኸውም ኀዘንተኛው ሌሊቱን በእንቅልፍ ካሳለፈ በኋላ፥ ቀኑ ሙሉ ሰው ሳይለየው እንዲያለቅስ ነው። ከሩቅ አገር የሚጠራ ልጅ «እናትህ ትንሽ ታመዋልና ና» ይባላል እንጂ በመንገድ ሳለ እውነቱ አይገለጽለትም። ነፍሰ ጡር ወይም በሽተኛ ከሆነም መርዶው ይዘገያል።

ይህ ሥርዓት ሦስት ነገር ይጠብቃል፤ ሰው ብቻውን እንዳይደነግጥ፥ ወሬው ከቅርብ ዘመድ አልፎ አስቀድሞ ለባዳ እንዳይደርስ፥ ለቅሶውም ወዲያው ሰብሳቢ እንዲያገኝ ያደርጋል። መርዶው ከተነገረ በኋላ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ በሠፈሩ እየዞረ ያስታውቃል፤ ድንኳን ይተከላል፥ ወንበርና ድስት ከእድሩ ቤት ይወጣል።

፪. ወሬው የሄደበት መንገድ

የመጀመሪያው የሩቅ አገር የስልክ መስመር ሐረርንና ዐዲስ አበባን ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ስልክ የመሥሪያ ቤትና የባለጸጋ ቤት ዕቃ ሆኖ ኖረ። በሠፈሩ አንድ ስልክ ቢኖር የሞት ወሬ ቢደወልም እንኳ የሚሰማው ባለቤቱ ነበርና፥ እርሱ ወሬውን ይዞ ወደ ሽማግሌዎች ይሄዳል እንጂ ወደ ኀዘንተኛው አይሮጥም። ስለዚህ የሽቦ ስልክ መርዶን አፋጠነው እንጂ አላፈረሰውም።

ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ተከተለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገንዘብን በስልክ መላክ ይበልጥ ተስፋፋ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም አገልግሎት በመጀመሩ የስልክ ድርጅቶች ሁለት ሆኑ።

፫. ልማዱ ስለ ምን ተናጋ?

ምክንያቱን ስንመረምር ሦስት ሆኖ አገኘነው።

አንደኛ፥ የእጅ ስልክ የቤት ዕቃ ሳይሆን የአንድ ሰው ዕቃ ነው። ወሬው ቤተ ሰቡንና ጎረቤቱን አልፎ በቀጥታ በኀዘንተኛው እጅ ይገባል።

ሁለተኛ፥ ሠፈሩ ራሱ ተበተነ። የከተማው መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ ሰው እንደ ጀሞ ወዳሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደ፤ የቀድሞ እድሩን ግን ያልተወ ብዙ ነው። በሳሪስ የሚነፋ ጥሩንባ ጀሞ አይሰማም። ስለዚህ የእድር ጸሐፊዎች የቀብሩን ቦታና ሰዓት በቴሌግራም መጻፍ ጀመሩ። መልእክቱ ለአባላቱ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ስለሚደርስ፥ የሟች የአጎት ልጅ በአባላቱ መካከል ቢኖር ገና ሳይረዳ ያነበዋል።

ሦስተኛ፥ ዘመድ በውጭ አገር በዝቷል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለ ሰው ሲረዳ፥ የአገሩ ልጆች በዕረፍት ቀን ማልደው በቤቱ ተሰብስበው ማርዳት ልማዳቸው ነው። አሁን ግን አንድ የሩቅ ወዳጅ የሟቹን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ብሎ በፌስቡክ ካወጣ፥ ልጁ በሥራ ላይ ሳለ ብቻውን ያየዋል። ጽሑፉን ያወጣው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ሊያስተዛዝን ፈልጎ ነበር።

፬. የሰዎች አሳብ

በሠፈራችን በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት አሳብ እንሰማለን። ብዙ ወጣቶች «መደበቅ ሐሰት ነው፤ አባቴ ቢሞት በዚያው ሰዓት ማወቅ መብቴ ነው፤ ዘግይቶ የተነገረው ሰው ቀብር ያመልጠዋል» ይላሉ። ሽማግሌዎች በበኩላቸው «ወሬ ለጆሮ አይከለከልም፤ የሚይዝህ እጅ ሳይኖር ግን ለምን ትውደቅ?» ብለው ይመልሳሉ።

እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች ከእውነት አልራቁም። ወጣቶቹ የሚናገሩት ስለ ጊዜ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት ስለ ተራ ነው። ኢንተርኔት ጊዜን ያሳጥራል፤ ማን ይቅደም ማን ይከተል የሚለውን ግን አያውቅም። ለእርሱ የሟች ልጅና በመንገድ የሚያልፍ ሰው እኩል አንባቢዎች ናቸው። ተራውን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።

፭. ማጠቃለያ

ስለዚህ ልማዱን ለማዳን ስልኩን መጣል አያስፈልግም፤ አይቻልምም። እድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው አንድ መስመር ቢጨምሩ ይበቃል፤ ይኸውም የቅርብ ዘመዶች መረዳታቸውን ቤተ ሰቡ ሳያረጋግጥ ጸሐፊው ማስታወቂያ እንዳያወጣ፥ አባላትም ፎቶግራፍ እንዳያሠራጩ ነው። በውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለ፥ ለእርሱ ሳይሆን አስቀድሞ በአጠገቡ ላለ ወዳጁ ይደወል። እንዲህ ከሆነ ያው ስልክ ሽማግሌዎችን በሰዓት ውስጥ የሚሰበስብ መልካም አገልጋይ ይሆናል።

ጥሩንባውም ፈጽሞ እንዳይቀር እንመክራለን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገር ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበረ አንባብያን ያስታውሳሉ። በእነዚያ ቀኖችም ሰው መሞቱን፥ መቀበሩንም አላቋረጠም። ለብዙ አረጋውያን እናቶችና አባቶች ደግሞ በማለዳ የሚሰሙት የጥሩንባ ድምፅ እስከ ዛሬ ከማናቸውም የስልክ ጽሑፍ ይልቅ የታመነ ነው።

ስለ ኢንተርኔት የወደፊት ዕድል ስንነጋገር ፍጥነቱን ብቻ ልንጠይቅ አይገባም። ወሬው ደርሶ ስልኩ ከእጁ ሲወድቅ፥ በአጠገቡ ማን አለ ብለንም እንጠይቅ።