የብርሃን ፍጥነት፦ «ተለካ» ወይስ «ተደነገገ»?

«የብርሃን ፍጥነት ተወሰነ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍች አለው፤ በሙከራ ተደረሰበት፣ ወይም በስምምነት ጸና ማለት ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት የልኬቱን ታሪክ ማወቅ ያሻል።

ምሳሌ ከቅርብ እንውሰድ። ከእንጦጦ የተላከ ብርሃን 3 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ጉለሌ ከቆመ መስተዋት ነጥሮ ቢመለስ፣ ደርሶ መልሱ የሚፈጀው የአንድ ሰከንድ 50,000ኛ ክፍል ያህል ነው። ይህን በተራ ሰዓት መለካት አይቻልም። ስለዚህ ፈረንሳዊው ፊዞ እ.ኤ.አ. በ1849 ዓ.ም. 720 ጥርስ ያለው መንኰራኵር በብርሃኑ መንገድ ላይ አሽከረከረ፤ መስተዋቱን 8,633 ሜትር ርቀት ላይ አቆመ። መንኰራኵሩ በሰከንድ 12.6 ጊዜ ሲዞር፣ በጥርሶቹ መካከል ያለፈው ብርሃን ተመልሶ ሳይደርስ ቀጣዩ ጥርስ ጋረደው። ከዙረቱና ከርቀቱ በመነሣት ፍጥነቱ በሰከንድ 313,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አሰላ። እንግዲህ ፊዞ «ለካ» እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ግን ዓለም አቀፉ የሚዛንና የመለኪያ ጉባኤ፣ አንድ ሜትር ብርሃን በባዶ ኅዋ በሰከንድ 299,792,458ኛ ክፍል የሚጓዘው ርቀት ነው ሲል ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ቋሚ ነው፤ ያው ሙከራ ዛሬ ቢደገም የሚለካው ርቀቱ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም።

ስለዚህ ለቀደሙት ሙከራዎች «ተለካ»፣ ለ1983ቱ ውሳኔ «ተደነገገ» እንዲባል እንመክራለን። «ተወሰነ» ሁለቱን ስለሚያቀላቅል በዚህ አገባብ ቢቀር ይሻላል።