ምስልን በምስል ውስጥ ስለ ማስገባት



ይህ ንግግር አስቀድሞ በሬዲዮ የተሰማ ነው። ስለ ምስል በድምፅ ብቻ ማስረዳት ለተናጋሪውም ለአድማጩም አስቸጋሪ እንደሆነ የታወቀ ነው። ንግግሩ በዚህ ዐምድ እንዲታተም በመደረጉ ደስ ያለኝ ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከታቸው ሰዎች ሬዲዮ የማይሰሙ በመሆናቸው ነው። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ወደ ታች ስትወርዱ ይገለጥላችኋል።

በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ዋናው ምስል በሰፊው እየታየ፥ በማዕዘኑ ደግሞ ሌላ ትንሽ ምስል ተቀምጦ ሳታዩ አትቀሩም። እግር ኳስ ሲተላለፍ ተጫዋቾቹ በሜዳው ሲሯሯጡ የአሠልጣኙ ፊት በትንሹ መስኮት ይታያል። መምህርም ጽሑፉን በሰፊው እያሳየ ራሱ ከዳር ሆኖ ያስረዳል። የመንግሥት መግለጫ በሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ ቃሉን በምልክት ቋንቋ የሚተረጕም ሰው በስተቀኝ በኩል ይቆማል። ይህን አሠራር ባለሙያዎች «በምስል ውስጥ ምስል» ይሉታል። ቀድሞ ይህን መሥራት የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎች ብቻ ሙያ ነበር፤ ዛሬ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ያለ ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒዩተር ሊሠራው ይችላል። ሥራው በእጃችን ስለ ገባ ጥፋቱም አብሮ በእጃችን ገብቷል።

ታሪኩን በአጭሩ ለማንሣት ያህል፥ ሁለት ምስል በአንድ ፊልም ላይ ማሳየት በሲኒማ ጥበብ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። ነገር ግን በቀጥታ የሚተላለፍን ምስል ወዲያውኑ አሳንሶ ከሌላ ምስል ማዕዘን ላይ ማስቀመጥ የተቻለው፥ ምስሉን ወደ ቍጥር ለውጦ የሚይዝ መሣሪያ ከተገኘ በኋላ ነው። ኳንቴል የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራው ዲ ኤፍ ኤስ 3000 የሚባል መሣሪያ በ1968 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1976) በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሥራ ላይ ሲውል፥ ችቦ ያዡ ሯጭ ወደ ስታዲዮም ሲገባ በሰፊው እየታየ፥ የችቦው ነበልባል ደግሞ በትንሹ መስኮት ለብቻው ይታይ ነበር። በዚያ ኦሊምፒክ የእኛ ሯጮች አልነበሩም፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሲቀሩ ኢትዮጵያም አብራ ቀርታለች። ምሩፅ ይፍጠርም ወርቁን ለማግኘት እስከ ሞስኮ ድረስ አራት ዓመት መታገሥ ግድ ሆኖበታል።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ እንግባ። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ አዶቤ ፕሪሚየር በክፍያ ይገኛል፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያለ ክፍያ የሚገኝ ዓይነት አለው፤ ኬደንላይቭ ደግሞ ፈጽሞ በነጻ የሚገኝ ነው። የቍልፎቻቸው ስምና ቦታ ይለያይ እንጂ የሁሉም ሥርዓት አንድ ነው። ምስሎቹ «ትራክ» በሚባሉ መስመሮች ላይ ይቀመጣሉ፤ እነዚህም መስመሮች በጠረጴዛ ላይ እንደ ተነባበሩ ወረቀቶች ናቸው። የላይኛው ወረቀት የታችኛውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ዋናውን ምስል ከታች፥ ትንሽ እንዲሆን የምትፈልጉትን ምስል ከላይ ታደርጋላችሁ። በመጀመሪያ ዋናው ምስል ጨርሶ ይጠፋል፤ በዚህ አትደንግጡ። ከዚያ በኋላ በላይኛው ምስል ላይ ሦስት ነገር ይሠራል፤ ይቈረጣል፥ ያንሳል፥ ወደ ቦታው ይዛወራል። ትምህርቱ ይህን ያህል ነው፤ አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ሊማረው ይችላል።

እኔም በአምስት ደቂቃ ተምሬ በአምስት ደቂቃ አጠፋሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳዮች ማመልከቻቸውን እስከ መቼ ድረስ ማቅረብ እንደሚገባቸው የሚገልጽ የአራት ደቂቃ ማስታወቂያ በቪድዮ እንዳዘጋጅ ጠይቆኝ ነበር። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ተገኘች፤ ሥራዋንም በሚገባ አከናወነች። እኔ ግን ምስሏን ወደ 25 በመቶ አሳንሼ በስተቀኝ ከታችኛው ማዕዘን አስቀመጥሁት፤ የመሥሪያ ቤቱ አድራሻና የስልክ ቍጥር ያለበት ጽሑፍም ከግርጌ በኩል እየተጓዘ እንዲያልፍ አደረግሁ። ኀላፊው አይቶ «እንደ ቴሌቪዥን ሆነ» ብሎ አመሰገነኝ፤ ማስታወቂያውም ተሠራጨ።

ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የሆኑ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቱ መስማት የተሳናት፥ በልብስ ስፌት የምትተዳደር ናት። የመሥሪያ ቦታ ለመጠየቅ ማመልከቻዋን ይዛ የሄደችው ቀኑ ካለፈ ከአራት ቀን በኋላ ነበር። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አይታዋለች። በስልኳ ላይ ከፍታ አሳየችኝና በወረቀት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ሴትዮዋን አየኋት፤ እጇን ግን አላየሁም።» እውነቷን ነበር። አስተርጓሚዋ ቀኑን ስትናገር እጇ ከደረቷ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ የእኔ የስልክ ቍጥር በላዩ ላይ እየተጓዘ ነበር።

ከአንባብያን መካከል «ማስታወቂያው በጽሑፍስ አልወጣም ነበርን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ወጥቶ ነበር። ነገር ግን የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንጂ አማርኛ በእጅ ሲጻፍ ማለት አይደለም። አስቀድሞ በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው የአማርኛ ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ያንንም በሚገባ ለመማር ዕድል ያላገኘ ብዙ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም፥ በመንግሥት ሥራ ግንኙነት የምልክት ቋንቋ ተቀባይነት እንዲያገኝና እንዲመቻች ግዴታ ያስገባል። ስለዚህ ያች ትንሽ መስኮት የማስታወቂያው ጌጥ አይደለችም፤ ለተወሰኑ ዜጎች ማስታወቂያው ራሱ እርስዋ ናት።

አሁን ስሕተቱን በቍጥር እንመልከተው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከቍጥር አይሸሽምና። የተለመደው ሙሉ ምስል በአግድም 1920፥ በቁመት 1080 ፒክስል አለው። ፕሮግራሙ ላይ «25 በመቶ» ብላችሁ ስትጽፉ ምስሉ ሩብ የሚሆን ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ወርዱም ሩብ፥ ቁመቱም ሩብ ስለሚሆን የሚይዘው ስፋት ከዐሥራ ስድስት አንድ እጅ ብቻ ነው። ተመልካቹ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ሙሉው ቪድዮ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ቢኖረው፥ የአስተርጓሚዋ መስኮት ወርዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቁመቱም አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም የአውራ ጣት ጥፍር ማለት ነው። በጥፍር ላይ የጣቶችን እንቅስቃሴ፥ የቅንድብንና የአፍን ሁኔታ አንብብ ማለት ምን ያህል ግፍ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። በምልክት ቋንቋ ፊትም ይናገራልና፤ ጥያቄና ዐረፍተ ነገር የሚለዩት ብዙ ጊዜ በቅንድብ ነው።

የእንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት የቈየው መመሪያ፥ የአስተርጓሚው ምስል እንደ ወትሮው በስተቀኝ በኩል እንዲሆንና ከጠቅላላው ስፋት ከስድስት አንድ እጅ እንዳያንስ ይመክር ነበር። ከስድስት አንድ እጅ ለማግኘት «41 በመቶ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ነገር ግን እንዲህ የተሠራው መስኮት አግድም ሰፊ፥ በቁመት አጭር ነው፤ 787 በ443 ያህል ይሆናል። ቆሞ የሚናገር ሰው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ከግራና ከቀኙ የሚታየው ባዶ ግድግዳ ቦታውን በከንቱ ይበላዋል።

የተሻለው መንገድ አስቀድሞ መቍረጥ ነው። ከአስተርጓሚዋ ምስል ከግራ 600፥ ከቀኝም 600 ፒክስል ቍረጡ፤ በፕሪሚየር ይህ ከእያንዳንዱ ጎን 31 ከሩብ በመቶ ማለት ነው። የቀረው 720 በ1080 ይሆናል። ከዚያ ወደ ሁለት ሦስተኛ፥ ማለት ወደ 66.7 በመቶ አሳንሱት፤ 480 በ720 የሆነ ቀጥ ያለ መስኮት ታገኛላችሁ። አባዙትና ተመልከቱ፤ ልክ ከስድስት አንድ እጅ ነው። ስፋቱ እኩል ሲሆን አስተርጓሚዋ ግን ከቀድሞው ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ገዝፋ ትታያለች። ከመቍረጣችሁ በፊት ግን ቪድዮውን እስከ መጨረሻው ተመልክታችሁ እጆቿ እጅግ የተዘረጉበትን ቦታ ፈልጉ፤ እጁ ከመስኮቱ የሚወጣ ከሆነ ካሜራው ከመጀመሪያው ራቅ ብሎ መቆም ነበረበት፤ ይህም በቀረጻ ጊዜ የሚታሰብ ነው። በዚያው ጊዜ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ አንድ ዓይነት ቀለም ያለውና አበባ የሌለበት፥ ልብሷም ከእጇ ቀለም ጋር የማይመሳሰል ይሁን።

ቀጥሎ የቦታው ጕዳይ ይመጣል። መስኮቱን በዋናው ምስል ላይ ብታስቀምጡት አንድ ቀን አንድ ነገር መሸፈኑ አይቀርም። በእኔ አስተያየት የሚሻለው ዋናውንም ምስል ወደ 75 በመቶ ማሳነስ ነው። ያን ጊዜ ዋናው 1440 በ810 ይሆናል፤ በስተቀኝም በትክክል 480 ፒክስል ወርድ ያለው ባዶ ዐምድ ይተርፋል። የአስተርጓሚዋ መስኮት እዚያው ልክክ ብሎ ይገባል። በፕሪሚየር የዋናውን ቦታ 720 እና 405፥ የአስተርጓሚዋን 1680 እና 405 ብላችሁ ጻፉ። ሪዞልቭ ግን ቦታን የሚቈጥረው ከመስኮቱ መካከል ተነሥቶ ስለ ሆነ፥ ዋናው ወደ ግራ 240፥ አስተርጓሚዋ ወደ ቀኝ 720፥ ሁለቱም ወደ ላይ 135 ይሆናሉ። ከሥር የሚቀረው 270 ፒክስል ለአድራሻና ለስልክ ቍጥር ከበቂ በላይ ነው። ማንም ማንንም አይሸፍንም። ከሁሉ በታች ባለው ትራክ ላይ አንድ ጸጥ ያለ ቀለም ብታነጥፉ ባዶው ቦታ ጥቍር ሆኖ አይታይም።

የጊዜው ነገር ደግሞ ከቦታው ይልቅ ይረሳል። ተናጋሪውና አስተርጓሚዋ በሁለት ካሜራ የሚቀረጹ እንደሆነ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ የጭብጨባው ድምፅ በሁለቱም ቅጂ ላይ ስለሚገኝ ያንን አገጣጥማችሁ ትጀምራላችሁ። አስተርጓሚ ዐረፍተ ነገሩን ሰምቶ ተረድቶ የሚተረጕም ስለ ሆነ ሁልጊዜ ከተናጋሪው ጥቂት ሴኮንድ ይዘገያል። እኛ ግን ተናጋሪው «አመሰግናለሁ» ሲል ቪድዮውን እንቈርጠዋለን፤ የአስተርጓሚዋም እጅ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የዋናውን የመጨረሻ ምስል አቁማችሁ እርስዋ እጇን እስክታወርድ ጠብቁ። እንዲሁም ሠንጠረዥ ወይም ካርታ በምታሳዩበት ጊዜ አንድ ነገር አስቡ፤ ሰሚው ሰው ቃሉን በጆሮው፥ ሠንጠረዡን በዐይኑ ይቀበላል፤ መስማት የተሳነው ግን ሁለቱንም በአንድ ዐይን ይቀበላል። ተናጋሪው ትንሽ ዝም ቢል ማንም አይጐዳም።

ቪድዮው አልቆ ሲወጣ በሴኮንድ ከ25 ፍሬም እንዳያንስ አድርጉ። በቴሌግራም ለመላክ ይቀልላል ተብሎ እጅግ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚደበዝዘው በፍጥነት የሚንቀሳቀሰው ነገር ነው፤ ያም የአስተርጓሚዋ እጅ ነው። የተናጋሪው ክራቫትማ ከነመስመሩ ጥርት ብሎ ይቀራል። ከመላካችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ላይ፥ ድምፁን ዘግታችሁ ተመልከቱት፤ ቢቻል ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይይ።

ማስታወቂያውን በዚህ ዐይነት እንደገና ሠራሁት። ያለፈው ቀን አልተመለሰም፤ ልጅቱ የምትጠብቀው የሚቀጥለውን ዙር ነው፤ አዲሱን ግን ከመሠራጨቱ በፊት አይታዋለች። ቀኑ ሲደርስ በጣቷ ደገመችው፤ ከዚያም በወረቀቷ ላይ መጋረጃው እንዲቀየር ጻፈች፤ መጋረጃው ተቀየረ። አንድ ነገር ብቻ ገና አላለቀም። ኀላፊው የመሥሪያ ቤቱ አርማ እንደ ልማዱ በስተቀኝ በላይኛው ማዕዘን፥ ማለት በአስተርጓሚዋ ራስ ላይ እንዲሆን ይፈልጋል። ወደ ግራ እንዲዛወር ሁለት ማስታወሻ ጽፌለታለሁ፤ ሁለተኛው ላይ «ይታይ» ብሎ መርቶበታል።